የእብነ በረዱ ፊትና የመቃብሩ ራስ ቅል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከድልድይና ከግድብ፣ ከመንገድና ከመብራት መሥመር የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። በ18ኛው ምዕት ዓመት፣ ሮማ ከተማ ውስጥ ስለ ተቀረጸ አንድ የእብነ በረድ ምስል ነው የምናገረው። ሆኖም የዚህን ድንጋይ የትመጣ እስከ መጨረሻው ለተከታተለ ሰው ጉዳዩ የሚያደርሰው እኛ በየቀኑ ከምንጋፈጠው ጥያቄ ዘንድ ነው፤ ይኸውም አንድ ልኬት እምነት ሊጣልበት የሚገባው መቼ ነው? የሚለው ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃል አጠቃቀሜ ጥቂት ልበል። አውሮፓውያን ከደረት በላይ ያለውን የሰው አካል ብቻ የሚያሳየውን ሐውልት በአንድ ቃል «ቡስት» ይሉታል። በአማርኛችን የረጋ ስም ስለሌለው በዚህ ንግግር ውስጥ «የራስ ምስል» እያልኩ እጠራዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የራስ ምስሉ የሎሬንስ ስተርን ነው። ስተርን በ1713 አየርላንድ ውስጥ ተወልዶ፣ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኖ በዮርክሻየር ገጠር ሲያገለግል ኖሮ፣ በ46 ዓመቱ ገደማ «ትሪስትራም ሻንዲ» የተባለውን ልብ ወለድ ማሳተም ሲጀምር በአንድ ጊዜ ስመ ጥር የሆነ ደራሲ ነው። ምስሉን የቀረጸው ጆሴፍ ኖለከንስ የተባለ የለንደን ተወላጅ ሲሆን፣ ሥራው ከ1766 ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ከእብነ በረዱ ቅጂዎች አንዱ በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የሥዕለ ሰብ ማዕከል ንብረት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ስተርን ከሞተ ከ201 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ይህ ምስል ፈጽሞ ላልተሠራበት አገልግሎት ዋለ። ለንደን ውስጥ ከአንድ አሮጌ መቃብር ከወጡት የራስ ቅሎች የትኛው የደራሲው እንደሆነ ለመለየት፣ ቅሎቹ ከእብነ በረዱ ፊት ጋር እየተመዘኑ ተለኩ። አንዱ ተመረጠ፤ ያም ስተርን በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ቄስ ሆኖ ወዳገለገለባት ወደ ኮክስዎልድ መንደር ተወስዶ ሰኔ 8 ቀን 1969 ተቀበረ። እንግዲህ የድንጋዩ የትመጣ ጥያቄ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። ምስሉ ከሕያው ሰው ፊት ያልተወሰደ ከሆነ፣ ወይም በመገልበጥ ሥራ መጠኑ ተዛብቶ ከሆነ፣ በኮክስዎልድ በታላቅ ክብር የተቀበረው ስሙ የማይታወቅ አንድ የለንደን ነዋሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። ስተርን ከወጣትነቱ ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ስለነበረ ሞቃት አየር ፍለጋ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር። በ1765 መጸው ከአገሩ ተነሥቶ በፈረንሳይ በኩል ወደ ጣሊያን ወረደ፤ የዚያን ዓመት ክረምትም በሮማና በናፖሊ አሳለፈ። በ1766 በጋ አገሩ እንደ ተመለሰ፣ በአፍሪካውያን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያለው አንድ ደብዳቤ እንደ ደረሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ጸሐፊው ለንደን የሚኖረው ጥቁር ሰው ኢግናጢየስ ሳንቾ ሲሆን፣ ስተርን በብዕሩ የባሪያ ንግድን ግፍ እንዲያጋልጥ ይማጠነዋል፤ ስተርንም በአክብሮት መልሶለታል። ድንጋዩ ላይ የምናየው ፊት እንግዲህ ያን ደብዳቤ ያነበበው ሰው ፊት ነው።

ኖለከንስ በዚያን ጊዜ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። በ1737 ተወልዶ በለንደን ከሼማከርስ ዘንድ ሙያውን ተምሮ፣ በ1760 ወደ ሮማ ተጉዞ እዚያው 10 ዓመት ያህል ቆየ። የሮማ ኑሮውን የሚገፋው በዋናነት አዲስ ሐውልት በመቅረጽ አልነበረም። ከጥንታውያን ፍርስራሾች የሚወጡትን አፍንጫና ክንድ የሌላቸውን ሐውልቶች መጠገን የዚያ ዘመን ከፍተኛ ንግድ ስለነበረ፣ በዚህ ሥራ እጅግ ታዋቂ በነበረው በባርቶሎሜዮ ካቫቼፒ የሥራ ቤት ውስጥ ሠርቷል። አዲሱ ቅጥያ ከአሮጌው ድንጋይ ጋር እንዲመሳሰል በትምባሆ ውሃ ይቀባ እንደነበርም ይነገራል። በለንደን ታላቁ ተዋናይ የነበረው ዴቪድ ጋሪክ ሮማ በመጣ ጊዜ የራስ ምስሉን አሠርቶ 12 ጊኒ የተባለውን የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ ከፈለው። የስተርን ምስል የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

የኖለከንስን ሕይወት በሰፊው የምናውቀው ጆን ቶማስ ስሚዝ በ1828 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ይህ ምስክር በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ስሚዝ በልጅነቱ በኖለከንስ የሥራ ቤት የተማረ፣ ኋላም በብሪታንያ ሙዚየም የኅትመት ሥዕሎች ኃላፊ የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚጽፈውን ያውቃል። በሌላ በኩል ኖለከንስ በ1823 ሲሞት 200,000 ፓውንድ የሚጠጋ ሀብት ትቶ፣ ከውርሱ ብዙ ለጠበቀው ለስሚዝ የደረሰው 100 ፓውንድ ብቻ ነው። መጽሐፉ የሰውየውን ስስት፣ ንፉግነትና መሃይምነት እየነቀሰ የሚያወጣው ከዚህ ቂም የተነሣ እንደሆነ አንባቢ ሁሉ ይረዳዋል። እኔ ግን በአንድ ነገር እተማመንበታለሁ። ቂመኛ ምስክር ባለጋራውን ለማዋረድ ሲል ሊያጋንን ይችላል፤ ባለጋራውን የሚያስመሰግን ነገር ከአፉ ከወጣ ግን ያ ሊታመን ይገባዋል። ስሚዝም የስተርን ምስል ለኖለከንስ ዝና ያተረፈለት ግሩም ሥራ መሆኑን ሳይሸሽግ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አሠራሩ እንሂድ። አንድ የእብነ በረድ ምስል የማን ሥራ ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ቀራጺው መሮና መዶሻ ይዞ ከድንጋዩ ፊት ቆሞ ይታየናል። በ18ኛው ምዕት ዓመት የነበረው እውነት ከዚህ የተለየ ነው። አስመሳዩ ሰው የሚቀመጠው ለጭቃ ነው። ቀራጺው የባለጉዳዩን ፊት በካሊፐር እየለካ፣ ከዐይን ጥግ እስከ ዐይን ጥግ፣ ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጉንጭ አጥንት እስከ ጉንጭ አጥንት እያመሳከረ በእርጥብ ጭቃ ያበጃል። ቀጥሎ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ጄሶ ይፈስስና የውስጥ ቅርጹን የያዘ ማፍሰሻ ይወጣል። በዚህ ማፍሰሻ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጄሶ ሲፈስ የጭቃው ምስል በጄሶ ይወለዳል። እብነ በረዱ የሚጠረበው ከዚህ ጄሶ እየተለካ ነው።

ከጄሶ ወደ ድንጋይ የሚደረገው ሽግግር ከቅየሳ ሥራ ጋር አንድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በጄሶው ላይ ሦስት ቋሚ ነጥቦች ይመረጣሉ፤ በድንጋዩም ላይ እነርሱን የሚወክሉ ሦስት ነጥቦች ይመታሉ። ከዚያ በኋላ ማናቸውም ሌላ ነጥብ ከሦስቱ ባለው ርቀት ይወሰናል፤ በኮምፓስ፣ ወይም ቱምቢ ከተንጠለጠለበት ማዕቀፍ እየተለካ። በድንጋዩ ላይ በዚያ ነጥብ ላይ መሰርሰሪያ ገብቶ እስከ ተለካው ጥልቀት ይወርዳል። ይህ በመቶ ለሚቆጠሩ ነጥቦች ከተደገመ በኋላ በቀዳዳዎቹ መካከል የቀረው ትርፍ ድንጋይ ይነሣል። ይህን የሚያደርገው በቀን ክፍያ የሚሠራ ረዳት ነው። ጌታው የሚመጣው በመጨረሻ፣ የዐይን ቆብንና የከንፈርን ጠርዝ ለማሣመር ነው። አንዳንድ ጊዜም ለዚህ እንኳ አይመጣም።

ኖለከንስ ወደ በኋላ ይህን አሠራር ወደ ፋብሪካ ደረጃ አድርሶታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት በ1806 እንደ ሞተ ከሬሳው ፊት ላይ የጄሶ ቅርጽ አንሥቶ ባበጀው ሞዴል፣ ስሚዝ እንደሚለው፣ 74 የእብነ በረድ ቅጂ እያንዳንዱን በ120 ጊኒ፣ 600 የሚሆን የጄሶ ቅጂ ደግሞ እያንዳንዱን በ6 ጊኒ ሸጧል። ከ74ቱ ድንጋዮች መካከል የጌታው መሮ የነካው የትኛው ነው? ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ስም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ስሙ የሚመሰክረው ሥራው ከየትኛው የሥራ ቤት እንደ ወጣ ነው።

የሥነ ጥበብ ገበያ በዚህ ይጨነቃል፤ የጌታው እጅ የነካው ድንጋይና ያልነካው ድንጋይ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃልና። ለእኛ ጥያቄ ግን ሚዛኑ የሚገለበጥ መስሎ ይታየኛል። ራስ ቅል ከምስል ጋር ለማመሳከር ለተነሣ ሰው፣ ስሙ ያልተጻፈው ረዳት ከጌታው ይልቅ የታመነ ምስክር ነው። ረዳቱ ነጥብ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ፈቃድ የለውም። ጌታው ግን «ይህ ግንባር ጥቂት ቢሰፋ ከሮማውያን ፈላስፎች ጋር ይመሳሰላል» ብሎ ሊያስብ፣ አፍንጫውን ሊያቃና፣ አገጩን ሊያጸና ይችላል። ለገዢው ምስሉን ውድ የሚያደርገው የጥበብ ንክኪ ለለኪው ስሕተት ነው። ስለዚህ በምስሉ ላይ መጠየቅ ያለብን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ጭቃውን ማን አበጀው፣ ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ ከፊቱስ በእርግጥ ማን ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቢቀር እንኳ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ከተመለሱ ለዚህ ጉዳይ ይበቃናል።

በመጠን ረገድ ግን አንድ ከባድ ወጥመድ አለ፤ እርሱም የጭቃ መኮማተር ነው። የሸክላ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እርጥብ ጭቃ ሲደርቅና በእሳት ሲጠበስ ይቀንሳል። እንደ ጭቃው ዓይነት ቢለያይም ከ100 እጅ 8 ወይም 10 መቀነሱ የተለመደ ነው። ከአገጭ እስከ አናት 22 ሴንቲ ሜትር የነበረ ራስ 8 እጅ ቢቀንስ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ጄሶ በአንጻሩ ሲጠነክር ከመቀነስ ይልቅ እጅግ በጥቂቱ ያብጣል፤ ልዩነቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። ስሚዝ ስለ ስተርን ምስል ሲጽፍ የሚናገረው ስለ ተጠበሰ ሸክላ ምስል ነው። እንግዲህ እብነ በረዱ የተለካው ከተጠበሰው ሸክላ ከሆነ ፊቱ ከእውነተኛው ሰው ፊት ያንሳል፤ የስተርን እውነተኛ ራስ ቅልም በእብነ በረዱ ውስጥ አይገባም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከምስሉ ጋር ልክ የሚሆነው የሌላ፣ ራሱ አነስ ያለ ሰው ቅል ይሆናል። ልኬቱ ተስማማ ብሎ መደሰት ብቻውን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ ላይ ይታያል።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣን፣ ባልተጠበቀ ሁኔታ፣ አንድ የኮንትሮባንድ ወሬ ነው። ኖለከንስ በ1770 ከሮማ ወደ ለንደን ሲመለስ የጄሶ ምስሎቹ ውስጣቸው ባዶ ስለነበረ የሐር የእግር ሹራብ፣ ጓንትና ዳንቴል አጭቆባቸው ከኋላ በስሱ ጄሶ ደፍኖ የጉምሩክ ሹሞችን አታለለ። ይህንንም በእርጅናው ዘመን ያለ ኀፍረት ይተርክ ነበር። ስሚዝ እንደ መዘገበው፣ ወደ ስተርን የጄሶ ራስ እያመለከተ፣ ከሮማ በተመለሰ ጊዜ ቤተ መንግሥት ሲገባ የለበሰው የእጅጌ ዳንቴል በዚያ ራስ ውስጥ ተሸሽጎ የገባ መሆኑን ተናግሯል። ስሚዝ ይህን የጻፈው የሰውየውን ሌብነት ለማሳየት ነው። ለእኛ ግን ሌላ ነገር ያረጋግጥልናል፤ በሮማ የተሠራው የስተርን ራስ በጄሶ ተወስዶ ወደ ለንደን መግባቱን፣ የእብነ በረድ ቅጂ ለማውጣት የሚያስፈልገው ያልተኮማተረ ሞዴል በቀራጺው እጅ መኖሩን። ለጉምሩክ ሹም ወንጀል የሆነው ነገር ለእኛ የጭነት ሰነድ ሆነ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከምስሉ የትኛው ክፍል ለልኬት እንደሚበቃ ነው። በዚህ ረገድ የኖለከንስ ሌላ ሥራ ትምህርት ይሰጠናል። በ1777 የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰንን የራስ ምስል አበጀ። ጆንሰን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የፖርቱጋላዊውን ቄስ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ ያቀረበ፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱትን «ራስላስ»ንም የደረሰ ሰው ነው። ጆንሰን ምስሉን ባየ ጊዜ በጠጉሩ ተቈጣ። ሰው ሠራሽ ጠጉር ደፍቶ የሚሄደው ሊቅ በምስሉ ላይ ወፍራምና ዘንፋላ ጠጉር በቅሎለት ነበር። ስሚዝ እንደሚነግረን ያ ጠጉር የተወሰደው ከመንገድ ላይ ከተጠራ አንድ አይርላንዳዊ ለማኝ ነው። ለማኙም ለድካሙ አንድ ሽልንግ ቢሰጠው፣ በዚያን ያህል ጊዜ ለምኖ ከዚህ የበለጠ እንደሚያገኝ ተናግሮ አልቀበልም አለ ይባላል። በአንድ ምስል ላይ የሁለት ሰዎች አካል እንግዲህ አለ።

የስተርንም ምስል በጥንታውያን ሮማውያን ሥርዓት የተሠራ ነው። በዘመኑ ማናቸውም ቄስ የሚደፋው ሰው ሠራሽ ጠጉር በምስሉ ላይ የለም፤ ጠጉሩ አጭርና ጥቅልል ነው፤ ልብስም የለውም። ስለዚህ ከጠጉር በታች ያለውን የአናት ቅርጽ ከዚህ ድንጋይ ለመለካት መሞከር በአሸዋ ላይ መሠረት መጣል ነው። የሚታመነው አጥንት ከቆዳ ጋር የሚቀራረብበት ቦታ ነው፤ የግንባሩ ስፋት ከቅንድብ በላይ፣ የአፍንጫው ሥር፣ የዐይን ጉድጓዱ ጠርዝ፣ የጉንጭ አጥንትና አገጭ። በግንባር ላይ ያለው ሥጋና ቆዳ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ በአገጭ ላይ ያለው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስተርን በነቀርሳ የመነመነ ሰው ስለነበረ ሥጋው ከዚህም ይሳሳል። የበሽተኛ ፊት ለለኪ ይመቻል ማለት ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አሁን ወደ መቃብሩ እንሻገር። ስተርን መጋቢት 18 ቀን 1768 ለንደን ውስጥ በተከራየው ቤት ሞተ፤ ከአራት ቀን በኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በቤይዝዎተር መቃብር ጥቂት ሰዎች ብቻ ተገኝተው ቀበሩት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወሬ ተሰማ። ሬሳ ሌቦች አውጥተው ለካምብሪጅ የአካል ምርመራ መምህር ሸጡት፤ በምርመራው ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ ሳለም አንድ የሚያውቀው ሰው ፊቱን አይቶ ለየው፤ ከዚያም በስውር ተመልሶ ተቀበረ የሚል ነበር። በዚያ ዘመን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሬሳ በሕግ የሚያገኙበት በር እጅግ ጠባብ ስለነበረ እንዲህ ዓይነቱ ስርቆት የተለመደ ነበር። መቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ ደግሞ ሁለት የማያውቁት ሰዎች ኋላ ያቆሙለት ሲሆን፣ የሞተበትን ቀን መስከረም ላይ አድርጎ በስሕተት ይዟል፤ ዕድሜውንም አሳስቷል። አስከሬኑ የሚገኘውም «በዚህ ቦታ አጠገብ» መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። በድንጋይ ተቀርጿልና እውነት ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የመቃብሩ ቦታ ለመኖሪያ ሕንጻ ሥራ ሊውል ሲል፣ የደራሲውን ቤት ለመጠበቅ የተቋቋመው የሎሬንስ ስተርን ድርጅትና መሪው ኬነስ ሞንክማን ለመቆፈር ፈቃድ አገኙ። ከተገኙት አምስት የራስ ቅሎች አናቱ በምርመራ መጋዝ የተቆረጠው አንዱ ብቻ ነበር። ይኸው ቅል ከኖለከንስ የራስ ምስል ጋር ሲለካ ተስማማ።

ይህን ማስረጃ ባለሙያ በሚመዝንበት ሚዛን እንመዝነው። ካሊፐር አንድን ቅል «አይደለም» ለማለት ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ የጉንጭ አጥንቱ ከምስሉ ፊት ከሰፋ ነገሩ አበቃ። «ነው» ለማለት ግን ደካማ ነው፤ የጎልማሳ ወንዶች የፊት ስፋት እርስ በርሱ የሚለያየው በጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ከዚያ ድንጋይ ጋር የሚስማማ ፊት ያላቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ይኖራሉ። በመጋዝ የተቆረጠ አናትም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከዚያ መቃብር የተሰረቀው ስተርን ብቻ ነበር የሚል የለምና። መጋዙም በሄደበት መንገድ ጥቂት አጥንት ስለሚበላ ከአናት እስከ አገጭ ያለውን ቁመት ያጎድላል። የመቃብሩ ድንጋይ ምስክርነትም ምን ያህል የላላ እንደሆነ አይተናል።

ሦስቱ ደካማ ምስክሮች ግን አንዱ ከሌላው ጋር ያልተመካከሩ ናቸው። ድንጋዩን ያቆሙት ሰዎች በ1969 የሚሆነውን አያውቁም። የካምብሪጁ ወሬ ኖለከንስ ካበጀው ፊት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ኖለከንስም በ1766 ጭቃውን ሲያበጅ የሚያስበው ስለ ክፍያውና ስለ ዝናው ነው። እነዚህ ሦስቱ በአምስት ቅሎች መካከል ተመርተው በአንዱ ላይ ሲገናኙ፣ መገናኘቱ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚሰጡት ክብደት የላቀ ክብደት አለው። ቅየሳ የሠራችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከሦስት የተለያዩ ጣቢያዎች የተሰነዘሩ ጨረሮች በአንድ ነጥብ ላይ ሲሻገሩ፣ እያንዳንዱ ጨረር ጥቂት የተዛባ ቢሆን እንኳ ነጥቡን ማመን ይቻላል። የእኔ ፍርድ እንግዲህ የኮክስዎልዱ ቅል የስተርን መሆኑ ከመሆንም በላይ የሚያመዝን ነው፤ የተረጋገጠ ግን አይደለም። ለዚህ ፍርድ ዋናው ምሰሶ የራስ ምስሉ በኖለከንስ እጅ፣ ከሕያው ስተርን ፊት፣ በሮማ የተበጀና በጄሶ አማካይነት የተሸጋገረ መሆኑ ነው። ይህ ምሰሶ ቢነቀል የሚቀረን አንድ በመጋዝ የተቆረጠ ቅልና አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው።

ለንጽጽር ያህል የላይፕዚጉን ጉዳይ ላንሣ። በ1894 የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ይሆናል የተባለ አጽም በተገኘ ጊዜ፣ የአካል ሊቁ ቪልሄልም ሂስ በሬሳዎች ላይ የሥጋን ውፍረት በየነጥቡ ለካ፤ ቀራጺው ካርል ሴፍነርም በቅሉ ላይ ጭቃ እየጨመረ የራስ ምስል አበጀ። በላይፕዚግ ከአጥንት ተነሥቶ ወደ ምስል ተኼደ፤ በለንደን ከምስል ተነሥቶ ወደ አጥንት። የላይፕዚጉ መንገድ ይበልጥ ሳይንሳዊ መስሎ ቢታይም አንድ ድካም እንዳለበት አስተውያለሁ። ቀራጺው የሚፈለገው ፊት የማን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ፊቱን የማያውቀውን ሰው እንዲቀርጽ ቢደረግ ኖሮ ማስረጃው በጸና ነበር። ኖለከንስ በዚህ ረገድ ንጹሕ ነው። ከ203 ዓመት በኋላ በእጁ ሥራ ውስጥ አጥንት ይገባበት ዘንድ እንደሚሞከር ሊገምት አይችልም።

ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያ በ1969 ከነበረው ካሊፐር እጅግ የረቀቀ ነው። የስተርንን የራስ ምስል ቅጂዎች በብርሃን ቅየሳ በሚሊ ሜትር ክፋይ ለክቶ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ይቻላል። ቅጂዎቹ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ እርስ በርሳቸው ከተስማሙ፣ በጠጉርና በከንፈር ላይ ግን ከተለያዩ፣ አጥንቱን ያስተላለፈው ነጥብ ቆጣሪው ረዳት፣ ጠጉሩን ያሣመረው ደግሞ ሌላ እጅ መሆኑ በግልጽ ይወጣል። ሁሉም በእኩል መጠን አንሰው ከተገኙ ሥራው ከተጠበሰ ሸክላ መወሰዱ ይታወቅና የ1969ኙ መስማማት እንደገና መታየት ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው የድንጋዮቹ ባለቤቶች ፈቃድና ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቅሉን እንደገና መንካት አያሻም፤ እርሱ በኮክስዎልድ ዐርፏል።